ያገለገለ ሪሲቨር በደሴና በኮምቦልቻ፦ ምኑ ይፈተሻል፣ ከማን ይገዛል

ያገለገለ ሪሲቨር መግዛት ደሴ ላይ ያዋጣል፤ የሚሸጠው ቤት የሚሠራ ዲሽ፣ ቴሌቪዥንና ቴስተር (የቮልቴጅ መለኪያ) ካለው። እነዚህ በሌሉበት ለሚሸጥ ሪሲቨር፣ ሻጩ የቱንም ያህል ቢምል፣ ከመለዋወጫ ቦርድ ዋጋ በላይ አይከፈልም። እዚህ የምንገመግመው በሁለቱ ከተሞች ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩትን የነፃ ቻናል ሪሲቨሮች ነው። ስለ ዲኤስቲቪ መጨረሻ ላይ ጥቂት እንላለን።

ገዢ ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀው ብራንዱን ነው፦ ላይፍስታር ይሻላል ታይገር? ሌግ ነው ሱፐርማክስ? ለአዲስ ዕቃ ጥያቄው ትርጉም አለው። ጥቂት ዓመት ለሠራ ሪሲቨር ግን ከፊቱ ከተጻፈው ስም ይልቅ ፓወር ሰፕላዩ፣ ቱነሩ (ሲግናሉን የሚያነበው ክፍል) እና ለኤል ኤን ቢ፣ ማለትም ዲሹ ላይ ለተሰካው ሲግናል ተቀባይ፣ የሚልከው ቮልቴጅ ናቸው ዋጋውን የሚወስኑት። በዚያ ላይ ተመሳሳይ ስምና ቁጥር ይዘው ውስጣቸው የተለያየ ቦርድ ያለባቸው ሞዴሎች አሉ። "ጎረቤት ያለው ዓይነት ነው" ብሎ መግዛት አያስተማምንም።

በመጀመሪያ ጨርሶ የማይገዛውን እንለይ። ከጀርባው ኤች ዲ ኤም አይ የሌለው፣ ስካርት ወይም ቀይ፣ ነጭና ቢጫ ቀዳዳ ብቻ ያለው ትልቁ የድሮ ሪሲቨር ዛሬም በየገበያው በርካሽ ይቀርባል። ዕቃው ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ ብዙዎቹ እንዲያውም ከአሁኖቹ የተሻለ ጠንካራ ትራንስፎርመርና ወፍራም ቆርቆሮ አላቸው። ችግሩ የሚያነበው የድሮውን የዲቪቢ ኤስ ስርጭት ብቻ መሆኑ ነው። የአገር ውስጥ ቻናሎች በ2012 ዓ.ም. ግድም ወደ ኢትዮሳት መሰባሰብ ጀምረዋል። ኢትዮሳት የሚሰራጨው በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ካለው ኤን ኤስ ኤስ 12 ሳተላይት ነው፤ ዋና መፈለጊያው 11105፣ ኤች፣ 45000 ሲሆን ስርጭቱ አዲሱ ዲቪቢ ኤስ 2 ነው። የድሮው ሪሲቨር ይህን ሞገድ ማንበብ ስለማይችል ዲሹ ምንም ያህል ቢስተካከል ኳሊቲው ከዜሮ አይነሳም። ሻጩ ይህን ስለሚያውቅ ናይልሳት ላይ የዓረብ ቻናል ከፍቶ ነው የሚያሳየው። ምስሉ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ድምፁም አለ፣ ገዢው ከፍሎ ይሄዳል። ቤት ሲደርስ ኢቢሲም ፋናም የሉም። ስለዚህ ሙከራው ሁልጊዜ በኢትዮሳት ይጀመር፤ ናይልሳት ከዚያ በኋላ ይታያል።

አሁን ወደ ፍተሻው። ጊዜ የሚወስደውና ገንዘብ የሚያድነው ክፍል ይህ ነው።

ሪሲቨሩን ቀዝቃዛ ሆኖ ተረከቡት። ሱቅ ስትገቡ ቀድሞ በርቶ ከጠበቃችሁ፣ እጃችሁን ከላዩ ላይ አሳርፉ፤ ከሞቀ ይጥፋና ከሶኬት ተነቅሎ ሩብ ሰዓት ያህል ይቀመጥ። ምክንያቱ ያረጀ ኮንደንሰር ነው። ውስጡ የደረቀ ኮንደንሰር ብርድ ላይ ይለግማል፤ ሲሞቅ ግን እንደ ጤነኛ ይሠራል። ኮምቦልቻ ላይ ያለ ችግር ሲነሳ የነበረ ሪሲቨር ደሴ መጥቶ በሐምሌ ጠዋት ቀይ መብራት ብቻ አብርቶ የሚቀረው፣ ወይም "ቡት" ብሎ ጽፎ እዚያው የሚደርቀው፣ ብዙ ጊዜ በዚህ የተነሳ ነው። ኮምቦልቻ ከደሴ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ብላ የምትገኝና ሞቃታማ ናት፤ በ25 ኪሎ ሜትር መንገድ የሚመጣው የአየር ለውጥ የደከመ ፓወር ሰፕላይን ያጋልጣል። ከኮምቦልቻ የሚገዛ የደሴ ሰው ይህን ሙከራ ባይዘል ይሻለዋል።

ሲነሳ ከሶኬት እስከ ምስል ያለውን ጊዜ አስተውሉ። ጤነኛው እንደየዓይነቱ ከግማሽ ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ምስል ያሳያል። ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሮ የሚነሳ፣ ወይም መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ፓወሩ ደክሟል። መክፈት ከተፈቀደ ክዳኑን አንሱና ኮንደንሰሮቹን ከላይ እዩ፦ ጫፋቸው ጠፍጣፋ መሆን አለበት። አናቱ ያበጠ ወይም ቡናማ ፈሳሽ ያዘለ ካለ መቀየር ይኖርበታል። ይህ ራሱን የቻለ የዋጋ መቀነሻ እንጂ ዕቃውን የሚያስጥል አይደለም፤ የሚቀየረው ያው ማይክሮፋራድ ያለው፣ ቮልቱ ከቀድሞው እኩል ወይም በላይ የሆነ፣ 105 ዲግሪ የሚል የተጻፈበት ኮንደንሰር ነው። ውስጡ ፓወር ሰፕላይ ያለበትን ሪሲቨር ራሳችሁ ከከፈታችሁ ግን ትልቁን የ400 ቮልት ኮንደንሰር በእጅ እንዳትነኩ። ከመስመሩ 220 ቮልት የሚሞላው 310 ቮልት ገደማ ነው፤ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ይዞት ሊቆይ ይችላል።

ክዳኑ ተከፍቶ ሳለ አፍንጫም ይሠራል። የበረሮ ሽታ፣ ቡናማ ነጠብጣብና በቀዳዳዎቹ ዙሪያ የተከማቸ ቆሻሻ ካለ፣ በረሮዎቹ ሙቀት ፍለጋ ገብተው ኖረውበታል ማለት ነው። የሚያቃጥሉት የፓወሩን ክፍል ነው። የዚህ ዓይነቱ ዕቃ ተጠርጎ ቢሠራም ዕድሜው አይታመንም፤ እኛ ብንሆን አንገዛውም። የብሎኖቹ ራስ የተላጠ ከሆነ ደግሞ ተከፍቷል ማለት ነው። መከፈቱ ነውር አይደለም፤ "ምኑ ተቀየረ?" ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱ ቦርዱ ላይ ካለው አዲስ የብየዳ ምልክት ጋር ይግጠም። "ኧረ ጭራሽ ተነክቶ አያውቅም" የሚል ሻጭና የተበየደ ቦርድ አብረው አይሄዱም።

ቀጥሎ የሚመጣው ትልቁ ፈተና ነው፤ ያገለገለ ሪሲቨር የሚገዛ ሰው አንድ ነገር ብቻ ፈትን ቢባል ይህንን ነው መፈተን ያለበት። ሪሲቨር ኤል ኤን ቢውን የሚመግበው በዚያው በሲግናል ገመድ ነው። ለቪ (ቨርቲካል) ቻናሎች 13 ቮልት ገደማ፣ ለኤች (ሆሪዞንታል) ቻናሎች 18 ቮልት ገደማ ይልካል። ከላይ የጠቀስነው የኢትዮሳት ሞገድ ኤች ስለሆነ 18 ቮልት ይፈልጋል። ይህን ማውጣት ያቃተው ሪሲቨር ናይልሳት ላይ ግማሹን ቻናል፣ ማለትም የቪዎቹን፣ እያሳየ ኢትዮሳት ላይ "ሲግናል የለም" ይላል። ሻጩ ጥፋቱን ወደ ዲሹ ያዞራል፤ ገዢው የዲሽ ሠራተኛ ጠርቶ ይከፍላል፤ ዲሹ ግን አንዳች አልነበረበትም።

የቴስተሩ አለካክ ቀላል ነው። ዲሹ ተነቅሎ፣ ሪሲቨሩ በርቶ፣ ቴስተሩ ዲሲ ላይ ይደረግ። ቀዩ ጫፍ በኤል ኤን ቢ መግቢያው መሐል ቀዳዳ፣ ጥቁሩ በውጪው ጥርስ ላይ። ከሜኑ ወደ አንቴና ማስተካከያ ግቡና ኤች የሆነ ሞገድ ምረጡ፤ ከ17 እስከ 19 ባለው ውስጥ ማንበብ አለበት። ቪ የሆነ ስትመርጡ ወደ 13 ይወርዳል። ሁለቱም ላይ 13 ከሆነ ኤች የለውም፤ ዜሮ ከሆነ የኤል ኤን ቢ ፓወር ከሜኑ ተዘግቶ እንደሆነ ቀድማችሁ እዩ። ሁለት ነገር ላይ ተጠንቀቁ፦ የቴስተሩ ጫፍ የመሐሉንና የውጪውን አንድ ላይ ከነካ ያልተቃጠለውን ራሳችሁ ታቃጥሉታላችሁ፤ ሪሲቨሩ ተኝቶ ከሆነ ደግሞ ምንም አያሳይም።

ቴስተር 18 ቢያሳይም ሥራው አላለቀም። ጭነት ሲመጣበት የሚወድቅ አለ፤ ስለዚህ ገመዱ ተሰክቶ ኢትዮሳት ላይ ምስል መታየት አለበት። አዳፕተር የሚጠቀሙት ትንንሾቹ ሪሲቨሮች ላይ ሌላ ምልክትም አለ፦ የቪ ቻናል ላይ ደህና ቆይቶ ወደ ኤች ስትቀይሩ ጠፍቶ እንደ አዲስ የሚነሳ ከሆነ የደከመው ብዙ ጊዜ አዳፕተሩ ነው። የሱቁን ጤነኛ አዳፕተር አሰክታችሁ ሞክሩ። ከዋይፋይ ሳጥን የተነቀለ 9 ቮልት አዳፕተር ሰክቶ የሚሸጥም አይጠፋም፤ ሪሲቨሩ ሥር 12 ቮልት ከተባለ አዳፕተሩም 12 ይሁን፣ አምፔሩ ከተጻፈው አይነስ።

ይህ የኤል ኤን ቢ መስመር የሚቃጠልበት ምክንያት ከቤት አያልፍም። ሪሲቨሩ በርቶ እያለ ገመድ መንቀልና መሰካት፣ ከገመዱ ጫፍ የተረፈ አንድ የሽቦ ክር ከመሐሉ መዳብ ጋር መነካካት፣ በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ ቅጥያ ውኃ መሳብ፣ የክረምት መብረቅ። ጥሩ ሠራተኛ ክፍሉን ቀይሮ ያድነዋል፤ ጠባብ ቦርድ ያላቸው ላይ ግን ሙያተኛ ሁሉ አይደፍረውም።

የሜኑ አሞላል ላይ ብዙ ሰው ስለሚሳሳት በአጭሩ፦ ኤል ኤን ቢ ዩኒቨርሳል፣ 9750 እና 10600፤ 22 ኪሎ ኸርትዝ አውቶ፤ ዳይሴክ (ብዙ ኤል ኤን ቢ በአንድ ገመድ የሚያገናኘው ዕቃ) ካለ ኢትዮሳት የገባበት ቁጥር፤ ሞገድ 11105፣ ሲምቦል ሬት 45000፣ ኤች። የሪሲቨሩ ዝርዝር ውስጥ ኤን ኤስ ኤስ 12 የሚል ስም ባይኖርም አትጨነቁ፤ ማንኛውንም ሳተላይት መርጣችሁ ይህን ሞገድ ብትጨምሩበት ያው ነው፣ ስሙ ዲሹን አያዞረውም። ሁለት አሞሌ ታያላችሁ። ስትሬንግዝ የሚባለው ኤል ኤን ቢው ኃይል ካገኘ ሳተላይት ባይያዝም ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል፤ መታየት ያለበት ኳሊቲው ነው። ኳሊቲውን ግን ከሌላ ብራንድ ፐርሰንት ጋር አታወዳድሩ፣ እያንዳንዱ በራሱ ስሌት ነው የሚጽፈው። የሚያወዳድረው ያንኑ ገመድ ነቅሎ የሱቁ ሪሲቨር ላይ መሰካት ነው። የሱቁ ቻናሉን ያለ ጥርጥር ይዞ የእናንተው ምስሉን ወደ ካሬ ካሬ የሚበታትን ከሆነ ቱነሩ ደክሟል፤ ቱነር ደግሞ አይጠገንም ማለት ይቻላል፣ ከሌላ ቦርድ ተነቅሎ ካልመጣ።

ዳይሴኩንም አትርሱ። አብዛኛው ቤት ናይልሳትንና ኢትዮሳትን በአንድ ገመድ ስለሚያስገባ፣ ሁለተኛውን ቀዳዳ መምረጥ የማይችል ሪሲቨር ግማሽ ዕቃ ነው። ሱቁ ውስጥ ኢትዮሳቱን ከአንድ ቁጥር ወደ ሦስት አዛውሩና ሜኑው ላይም ለውጡ፤ ከያዘ ይሠራል።

ከዚህ በኋላ ሪሲቨሩ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይጠፋ ይቆይ። ሻጭ ይህን አይወድም፣ "ጋሼ፣ ሰው እየጠበቀኝ ነው" ይላል። "እኔም ዕቃውን እየጠበቅሁ ነው" ማለት ነው። ሲሞቅ ምስሉ የሚቆም፣ ድምፁ ቀድሞ የሚሄድ ወይም ራሱን የሚያጠፋ ሪሲቨር በአምስት ደቂቃ ሙከራ አይያዝም። የግማሽ ሰዓቱ ቆይታ በከንቱ እንዳይሄድ ሌሎቹን ቀዳዳዎች ሞክሩ። ኤች ዲ ኤም አይው ገመዱ ሲነቃነቅ ምስሉ ይጠፋል ወይ? ቤታችሁ ያለው ባለ ሆዱ የድሮ ቴሌቪዥን ከሆነ ቀይ፣ ነጭና ቢጫው መሥራቱን ለይታችሁ እዩ፤ ትንንሾቹ ላይ ይህ መውጫ አንድ ቀጭን የጆሮ ማዳመጫ የሚመስል ቀዳዳ ስለሆነ ልዩ ገመድ ይፈልጋል፣ ገመዱም ከዕቃው ጋር አይመጣም። ፍላሽ ሰክታችሁ ቪዲዮ አጫውቱ። በዋይፋይ ዩቲዩብ አያለሁ ካላችሁ፣ ብዙዎቹ የሚቀበሉት አርቲ 5370 ወይም ኤምቲ 7601 ቺፕ ያለውን ትንሽ የዩኤስቢ ዋይፋይ ነው፤ የኮምፒዩተሩን ማንኛውንም ሰክቶ አይሆንም።

ሪሞቱ ካልሠራ የሞባይል ካሜራ ከፍታችሁ የሪሞቱን ጫፍ ወደ ካሜራው አድርጋችሁ ተጫኑ፤ ብርሃን ብልጭ ሲል ከታየ ሪሞቱ ይልካል ማለት ነው፣ የተበላሸው የሪሲቨሩ ዓይን ሊሆን ይችላል። የአንዳንድ ስልክ የኋላ ካሜራ አያሳይም፣ በፊተኛው ሞክሩ። ፊቱ ላይ ቁልፍ የሌለውን ሪሲቨር ያለ ሪሞት መግዛት ራስን መቅጣት ነው። ገበያ ላይ የሚገኘው ሁሉን አቀፍ ሪሞት ድምፅና ቻናል ይቀይራል፤ ሜኑ ውስጥ ግን አንዳንድ ቁልፉ አይታዘዝም።

በመጨረሻ ወደ "ኢንፎርሜሽን" ገጽ ግቡና ሲሪያል ቁጥሩን ከሥሩ ከተለጠፈው ጋር አመሳክሩ። ካልተመሳሰሉ ወይ ቦርዱ ተቀይሯል ወይ የሌላ ሞዴል ሶፍትዌር ተጭኖበታል። የሌላ ሞዴል የተጫነበት ዛሬ ይሠራል፤ በሚቀጥለው የሶፍትዌር ጭነት ላይ ግን የሚሞት እሱ ነው። ቤት ወስዳችሁ ሶፍትዌር ለማደስ ካሰባችሁም መብራት በማይቆራረጥበት ሰዓት ይሁን፤ በጭነት መሐል የጠፋ መብራት ሪሲቨሩን "ቡት" ላይ ያስቀረዋል፣ ማስነሳቱም የኮምፒዩተር ገመድ ያለው ጠጋኝ ይጠይቃል።

"ሰርቨሩ ገና ስምንት ወር ይቀረዋል" የሚለውን ማባበያ ለብቻው እንየው። ሰርቨር የሚባለው የክፍያ ቻናሎችን ያለ ባለቤታቸው ፈቃድ የሚከፍት አካውንት ነው። ከሲሪያል ቁጥሩ ጋር የተያያዘ ነው፤ ያለ ማስጠንቀቂያም ሊቆም ይችላል። ለእሱ ተብሎ አንድ ብር እንኳ አይጨመር።

ከማን ይገዛል? ደሴ ፒያሳና አራዳ አካባቢ ያሉት የጥገና ቤቶች ተመራጭ ናቸው። ደንበኛ ያላነሳውን ወይም ለአዲስ የለወጠውን ጠግነው ይሸጣሉ፣ ዲሹ ጣሪያቸው ላይ ነው፣ ሲበላሽ የሚመለሱበት አድራሻ አላችሁ። ድክመታቸው ዋጋ ነው፤ ካልተከራከራችሁ ወደ አዲሱ ያስጠጉታል። ጋራንቲያቸው በቃል ስለሆነ በወረቀት ይጻፍ፦ ሞዴሉ፣ ሲሪያል ቁጥሩ፣ ቀኑና ቢያንስ የ15 ቀን መመለሻ። "ወላሂ መልሰህ አምጣው" የሚለው ቃል እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሱቁን በዚያ ቀን የሚጠብቀው ግን ወንድሙ ነው።

በሰኞ ገበያ መሬት ላይ ተዘርግቶ የሚሸጠው፣ ከልዋጭና ከቆራሌ የሚመጣው ማለት ነው፣ ለጠጋኝ እንጂ ለቤት አይሆንም። ከእዚያ የሚገዙት ባለሙያዎች ቱነር፣ ኤች ዲ ኤም አይና ሪሞት ለማውጣት ነው። በቴሌግራም የሚለጠፈው መሐል ላይ ነው፦ ሻጩ ራሱ ቤቱ ድረስ አስገብቶ በራሱ ዲሽ ካሳየ ከሱቅም ሊሻል ይችላል፣ ምክንያቱም ዕቃው ሲሠራ የኖረበትን ቦታ ታያላችሁ። "ታክሲ ተራ እንገናኝ" የሚለውን ተዉት። ኮምቦልቻ ላይ በተከራይ ቤት የሚኖሩ ሠራተኞች ሥራ ሲቀይሩ ዲሹን፣ ገመዱንና ሪሲቨሩን ጠቅልለው ይሸጣሉ፤ ጥሩ ዋጋ የሚገኘው ከእነሱ ነው፣ ባለቤቱም ፊት ለፊት አለ። በ2014ቱ ጦርነት በሁለቱም ከተሞች ብዙ ቤትና ሱቅ ተዘርፏል፤ ነዋሪው ምንጩ የማይታወቅ ዕቃ ሲቀርብለት ዛሬም የሚጠራጠረው በከንቱ አይደለም። የሻጩን መታወቂያ ማየትና የሽያጭ ወረቀት ላይ ማስፈረም ማንንም አያስቀይምም።

ስለ ዋጋ ቁጥር መጻፍ በሳምንት ይሽራል። መለኪያው ግን ይኼ ነው፦ መጀመሪያ የዚያኑ ሞዴል ወይም የቅርቡን አዲስ ዋጋ ጠይቁ። ሙሉ ፈተና አልፎ፣ ከነ ሪሞቱና ከነ አዳፕተሩ፣ የጽሑፍ ጋራንቲ ያለው ከአዲሱ ግማሽ ቢያወጣ አይከፋም። ጋራንቲ ከሌለው ከሲሶው አይለፍ። ሪሞት ወይም አዳፕተር ከጎደለ የእነሱ ዋጋ በሙሉ ይቀነስ። ኮንደንሰር የሚፈልግ ከሆነ የጥገናውን ዋጋ ከጠጋኙ ጠይቃችሁ እሱንም ቀንሱ። ይህን ሁሉ ቀንሳችሁ ሻጩ ከሳቀ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

ሻጭ ለሆነ ሰው ደግሞ፦ የዋይፋይ የይለፍ ቃልና የዩቲዩብ አካውንት ውስጡ አለ፤ ወደ ፋብሪካው መነሻ መልሱትና ከዚያ የኢትዮሳት ቻናሎቹን እንደገና ሰርች አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ባዶ ዝርዝር የሚያሳይ ሪሲቨር የተበላሸ ይመስላል። አቧራውን በደረቅ ብሩሽ አውጡ፣ በውኃ ጨርቅ አይደለም። የመጀመሪያው አዳፕተር ከጠፋ መጥፋቱን ተናገሩ። ኤች የማይሰጥ ከሆነም ተናገሩና ለጠጋኝ ሽጡት፤ ጠጋኝ ለዚያ ዕቃ ከጎረቤት የተሻለ ዋጋ ይሰጣል፣ ጎረቤትም ጎረቤት ሆኖ ይቀራል።

አዲስ የገዛችሁትን ሪሲቨር ከመውቀሳችሁ በፊት ዲሹን አንድ ጊዜ እዩ። ከደሴ ኢትዮሳት ያለው ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነው፤ ከሰሜን ቢቆጠር 122 ዲግሪ ገደማ፣ ማለትም ፊታችሁን ወደ ኮምቦልቻ አዙራችሁ ጥቂት ወደ ደቡብ ማዘንበል ነው። ከፍታው 66 ዲግሪ ስለሚሆን ሳተላይቱ ከራስ በላይ ሊሆን ምንም አይቀረው፤ ቤትና ዛፍ እምብዛም አይጋርደውም። ናይልሳት ግን ወደ ምዕራብ፣ 260 ዲግሪ ላይ፣ በ35 ዲግሪ ከፍታ ብቻ ነው፤ ፊቱ ወደ ጦሳ ተራራ ነው ማለት ነው። ከተራራው ሥር የተጠጋ ቤት ወይም ከምዕራቡ አጥር ባህር ዛፍ ያደገበት ግቢ ናይልሳትን የሚያጣው በሪሲቨር ጥፋት አይደለም። ጎን ለጎን የተተከሉ ሁለት ዲሾች አንዱ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሌላው ወደ ኋላ ተንጋሎ ቢታይ ትክክል ነው፤ የተንጋለለው የኢትዮሳቱ ነው። የኢትዮሳት ኤል ኤን ቢ እዚህ አካባቢ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ 57 ዲግሪ ያህል ዞሮ ነው ኤችና ቪን በደንብ የሚለየው። 10 እና 13 ቁልፍ ይዛችሁ ማሰሪያውን አላልታችሁ ኳሊቲው እስኪጨምር ቀስ እያላችሁ አዙሩት፤ ከዚያ በኋላ ነው ዲሹ ራሱ የሚነካው። የስልክ ኮምፓስ ከቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ይዋሻል፣ አቅጣጫውን መሬት ላይ ሆናችሁ ያዙ። ለኢትዮሳት 60 ሳንቲ ሜትር ዲሽ ይበቃል፤ ለናይልሳት ከ90 አይነስ።

የዲኤስቲቪ ዲኮደር ጉዳይ የተለየ ነው፣ ምክንያቱም የሚገዛው ሳጥኑ ብቻ ሳይሆን አካውንቱም ነው። ካርዱና ዲኮደሩ የተቆራኙ ስለሆኑ አንዱ ሲጎድል ሌላው አይሠራም። ገንዘብ ሳይከፈል ሻጩና ገዢው አብረው ወደ ወኪል ቢሮ ሄደው አካውንቱ በማን ስም እንደሆነ፣ ዕዳ እንዳለበትና ወደ ገዢው ስም እንደሚዛወር ያረጋግጡ። ሻጩ "በአጎቴ ስም ነው፣ እሱ አዲስ አበባ ነው ያለው" ካለ አጎቱ እስኪመጣ ብሩ ኪስ ውስጥ ይቆይ።